ሰያፍ ብረት የሌለው መጋዘን

መሐንዲስ ተገኝን ሞቶ ያየው የብረት ገጣጣሚዎቹ አለቃ አንጁሎ ነው። ጊዜው 1977 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ፣ ቀኑ እሑድ፣ ሰዓቱ ቀትር ነበር። ጂንካ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ጀርባ፣ ጣሪያም ግድግዳም ገና ባልለበሰው የእህል መጋዘን መካከል መሐንዲሱ በጀርባው ተዘርግቷል። ከራሱ የፈሰሰው ደም ሲሚንቶው ላይ ደርቋል። አጠገቡ የብረት መሰላል ወድቋል።

የአውራጃው ፖሊስ «ከመሰላል ወድቆ የሞተ» ብሎ መዘገበ። ሟቹ የመንግሥት ባለሙያ ስለነበረ ግን ከአርባ ምንጭ መርማሪ እንዲላክ ተጠየቀ፤ ሻምበል ዶላሞም በማግሥቱ ረፋድ ላይ ከትንሿ አውሮፕላን ወረደ። ቀጠን ያለ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ አንድ ጥያቄ ጠይቆ መልሱን ሳይቸኩል የሚጠብቅ ሰው ነበር።

ከሜዳው ዳር ከዲመካና ከቱርሚ መንደሮች በእግራቸው የመጡ እናቶች ተቀምጠዋል። በድርቁ ከብቶቻቸው አልቀዋል። በእቅፋቸው ያሉትን ሕፃናት እያየ ሲያልፍ አንድ ነገር አስደነገጠው። ያ ሁሉ ልጅ ተሰብስቦ የአንድም ልቅሶ አይሰማም ነበር።

አስከሬኑ ጤና ጣቢያው ውስጥ ነው። ለተራቡት ሕፃናት የተከፈተውን የመመገቢያ ጣቢያ የምትመራው ነርስ፣ ሲስተር ሐና፣ አንሶላውን ገለጠችለት። ቁስሉ ከጆሮው በላይ፣ ጠባብና ጥልቅ ነበር። ሻምበሉ የሟቹን መዳፎች ገልብጦ አየ፤ የጫማውን ሶልም አየ።

«ሰውነቱን አጥባችኋል?»

«ውኃ የት አለና? እንደመጣ ነው።» ከኪሷ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። «ሲያነሡት ይህ ጀርባው ሥር ተገኘ።»

በእርሳስ የተሣለ ረጅም ቤት ነው፤ አምስት ቦታ ተከፍሏል። ሁለቱ ክፍሎች ተሰርዘዋል። በቀሩት ሦስት ላይ የመስቀል ምልክት ተደርጓል። ከሥር «8 ቀን» ይላል። ሻምበሉ አልገባውም። አጥፎ ያዘው።

«ቅዳሜ ከሟቹ ጋር ተጣልተሻል ይባላል።»

«ተጣልቻለሁ» አለች ሳትደብቅ። «እህሉ ያለው አርባ ምንጭ ነው። አምና እዚህ በሸራ ተሸፍኖ በዝናብ ስለበሰበሰ፣ ዘንድሮ ‹መጋዘን ሳይኖር አንድ ኩንታል አንልክም› አሉን። ተገኝና የእርዳታ ቢሮው ኃላፊ ጓድ ደምሰው ‹ዝግጁ ነው› ብለው ካልፈረሙ መኪና አይነሣም። እና ‹እኔ በየቀኑ ልጅ እቀብራለሁ፣ አንተ ብሎን ትቆጥራለህ› አልኩት።»

«ምን መለሰልሽ?»

«አልተቆጣም። ‹ሲስተር፣ ያልተከፈተችው አንዲት ሳጥን ናት። ሰኞ ከፍተን ሰያፍ ብረቶቹን ካሰርን በሁለት ሳምንት እህል ትረከቢያለሽ› አለኝ። ምሎልኛል።»

«ስንት ሰዓት ነበር?»

«ወደ አሥራ አንድ ሰዓት። ከዚያ ወዲያ በሕይወት አላየሁትም። እሑድ ጠዋት ሙሉ ወተት ሳድል ነበር፤ ከመቶ በላይ እናት አይታኛለች።»

መጋዘኑ ከውጭ አገር ተመርቶ፣ በየክፍሉ ቁጥር ተጽፎበት፣ ታሽጎ የመጣ ተገጣጣሚ የብረት ሕንፃ ነበር። ስድስት ግዙፍ የብረት ቅስቶች ቆመዋል። አንጁሎ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ሻምበሉን ተቀበለው። ከወላይታ ለሥራ የመጣ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ አጭር ሰው ነው።

ሻምበሉ የወደቀውን መሰላል በጣቱ ነካ። ጣቱ ቀላ።

«ቀለም ነው» አለ አንጁሎ። «ቅዳሜ ከሥራ ስንወጣ የተረፈንን መሰላሉ ላይ ጨረስነው። አሮጌ ቀለም ነው፣ ቶሎ አይደርቅም።»

ሻምበሉ ጣቱን በመሐረብ እየጠረገ ወደ ጥግ ሄደ። እዚያ ክዳኗ የተነቀለ ረጅም የእንጨት ሳጥን ነበረች።

«ይህችን ማን ከፈታት?»

«እኔ አይደለሁም። ቅዳሜ ስንወጣ በሚስማር እንደተመታች ነበረች። እሑድ ሥራ የለም። መሐንዲሱ ራሱ ከፍቷት ይሆናል፣ ሰያፍ ብረቶቹን ሊያይ።»

«ምን ያደርጋሉ እነሱ?»

አንጁሎ ሁለት ክንዶቹን አመሳቀለ። «ቋሚዎቹን እንዲህ አድርገው ያስራሉ። እነሱ ከሌሉ ነፋስ ሲመጣ ሕንፃው በሙሉ ወደ ጎን ይተኛል። እዚህ ውስጥ ይኖራሉ ብለን ነበር።»

ሳጥኗ ውስጥ ግን የጣሪያ ክዳንና የቆርቆሮ ሚስማር ብቻ ነበር። ሻምበሉ ማሸጊያውን ገለጥ ገለጥ ሲያደርግ ክንድ የሚያህል የብሎን መፍቻ አወጣ። አፉ ላይ ደምና ፀጉር ደርቆበታል።

አንጁሎ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «የእኔ መፍቻ ነው።»

«እሑድ ጠዋት የት ነበርክ?»

«ቤቴ።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን።»

መልሱ ፈጥኖ መጣ፤ ሲናገርም ቀና ብሎ አላየም። ሻምበሉ የሱሪውን ጉልበቶች አየ። ሁለቱም ላይ ከእበት ከተለቀለቀ ወለል የተላቀቀ አረንጓዴ ትቢያ ተጣብቋል። አልተጫነውም። ወረቀቱን ዘርግቶ አሳየው። አንጁሎ ረጅም ጊዜ ተመለከተውና በዝግታ ምን እንደሆነ ነገረው።

«እኔ እስክጠይቅህ ለማንም እንዳትናገር» አለው ሻምበሉ።

ጓድ ደምሰው ቢሮው ውስጥ ቆሞ ጠበቀው። ዓይኖቹ እንቅልፍ ካጡ የሰነበቱ ይመስላሉ።

«መሐንዲሱን መጨረሻ ያዩት መቼ ነው?»

«ቅዳሜ ጠዋት፣ እዚሁ። ከዚያ አልተገናኘንም። እሑድ ጠዋት ብቻዬን ሪፖርት ስጽፍ ነበር።»

«ጠብ ነበራችሁ?»

«ምን ጠብ አለ! ጥሩ ሰው ነበር። ጥንቃቄው ብቻ በዛ። ሰያፍ ብረት ጎደለ ብሎ ሥራውን ሊያስቆም ነበርኮ! እንደገና ከውጭ ይታዘዝ ቢባል ሌላ ስድስት ወር ነው።»

«አሁን ማን ይፈርማል?»

«ባለሙያ ከሌለ ኃላፊው ብቻውን ይፈርማል። ቆርቆሮው እንደለበሰ እፈርማለሁ።» ወደ መስኮቱ ዞረ። «ጓድ ሻምበል፣ ዲመካን አይተዋል? ባለፈው ሳምንት ሰባት ልጅ በላንድሮቨር ጭኜ ተነሣሁ። እዚህ ስደርስ በሕይወት ያወረድኩት አምስቱን ነው። የሁለቱ እናት አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። መኪናውን እንዳላቆም ፈርታ ሳትነግረኝ መጣች።»

ሻምበሉ «የመጋዘኑን የግዥ ፋይል ልየው?» አለ።

«ፋይሉ ምን ያደርግልዎታል?»

«ሕንፃ እንዴት እንደሚገዛ አላውቅም። ልማር ብዬ ነው።»

ከሰዓት በኋላውን በፋይሉ ላይ አሳለፈ። መጀመሪያ ያለው የተገኝ ዕቅድ ነው፤ ወርዱ፣ ርዝመቱ፣ የጭነት መኪና የሚያስገባው በር፣ የመሠረቱ ጥልቀት ተዘርዝሯል። «ከዝናቡ ቀድሞ የሚነሣው ነፋስ ከባድ ነው» ይላል፤ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ቀጥሎ የሻጩ መልስ ነበር። እንዲህ ያለውን ሠርቶ ለመላክ ስድስት ወር እንደሚፈልግ፣ ነፋሱ ቀላል ለሆነ ቦታ የተሠራ ግን ታሽጎ ወደብ ላይ እንዳለ ገልጾ፣ የነፋሱን ነገር አረጋግጡልኝ ይላል። ሦስተኛው ወረቀት አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ነፋሱ ቀላል ነው፤ የተዘጋጀውን ላኩ።» ፊርማው የደምሰው ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ሻምበሉ ሦስቱንም ሰዎች መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰበ። አብሮት የመጣውን ፖሊስ እስከ አጥሩ በር ሄዶ እንዲጠብቅ አዘዘው። ነፋስ ተነሥቶ ነበር፤ ከላይ ብረቶቹ እርስ በርስ ሲፋተጉ ይሰማል። አንጁሎ በየመካከሉ ቀና እያለ ያያቸዋል።

«ተገኝ ከመሰላል አልወደቀም» ብሎ ጀመረ። «መሰላሉ ትናንት እንኳ ጣት ያቀላ ነበር። የሟቹ መዳፍና ጫማ ግን ንጹሕ ነው። አልወጣበትም። ገዳዩ መሰላሉን የጣለው በኋላ ነው። የተመታው በዚህ መፍቻ ነው።»

«የአንጁሎ መፍቻ ነው» አለ ደምሰው።

«አዎ፤ ግን እዚሁ ሜዳ ላይ ነበር፣ ማንም ያነሣዋል። አንጁሎ ዋሽቶኛል። እሑድ ጠዋት ብቻውን አልነበረም። የእበት ወለል ላይ ከሌሎች ሰዎች ጋር ለድብቅ ጸሎት ተንበርክኮ ነበር። ያዩትን አነጋግሬያለሁ፤ ስማቸውን አልጠየቅኩም፤ አይጻፍምም። ጸሎት ቤቶች ለምን እንደታሸጉ ልመረምር አልመጣሁም።»

አንጁሎ ፊቱን በኮፍያው ሸፈነ።

«ሲስተር ሐናም ከጣቢያው አልወጣችም። ነገር ግን ዋናውን ነገር የነገረችኝ እሷ ናት። ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተገኝ ‹በሁለት ሳምንት እህል ትረከቢያለሽ› ብሎ ምሎላታል። ሥራውን የማስቆም ሐሳብ አልነበረውም፤ ሰያፍ ብረቶቹ ሳጥኗ ውስጥ ያሉ መስሎታል። ሳጥኗን የከፈተው እሑድ ጠዋት ነው። ስለዚህ ሥራው ይቆማል ሊል የሚችለው ከዚያ በኋላ ብቻ ነው።» ወደ ደምሰው ዞረ። «እርስዎ ግን ተገኝ ሥራውን ሊያስቆም እንደነበር ነገሩኝ። ከቅዳሜ ጠዋት ወዲህ ካላዩት ማን ነገረዎት?»

«ብረቶቹ እንደሌሉ… እኔ…»

«እንደሌሉ ማወቅስ ይችላሉ። ነፋሱ ቀላል ነው ብለው የጻፉት እርስዎ ነዎት፤ ቀላል ነፋስ ላለበት ቦታ የተሠራ ሕንፃ ያለ እነሱ ይመጣል። እሱ ምን እንዳሰበ ግን የሚያውቁት ከአፉ ከሰሙ ብቻ ነው።»

ደምሰው ቋሚውን በእጁ ያዘ። ሲናገር ድምፁ የደከመ ሰው ድምፅ ነበር።

«ስድስት ወር ብንጠብቅ ማን ይተርፋል? ለዚያ ነው የጻፍኩት። ሥራውን ልየው ብዬ እሑድ መጣሁ፤ ሳጥኗን ከፍቶ አገኘሁት። ‹ሕንፃው ሰው ላይ ቢወድቅስ?› አለኝ። ‹ይፈረምና እህሉ ይምጣ፣ በኋላ እናስተካክላለን› ብዬ ለመንኩት። ተንበርክኬ ለመንኩት። ‹ከነገ ጀምሮ ይህ ሥራ ይቆማል› አለኝ። ከዚያ ጀርባውን ሰጠኝና ወረቀት አውጥቶ መጻፍ ጀመረ። የክስ ደብዳቤ መሰለኝ። ‹ይቆማል› የሚለው ቃል ብቻ ነው ጆሮዬ ውስጥ የነበረው። መፍቻውን መቼ እንዳነሣሁት አላውቅም።»

ሻምበሉ ወረቀቱን ለአንጁሎ ሰጠው። «ሲጽፍ የነበረው ይህን ነው። ንገራቸው።»

አንጁሎ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሕንፃው አምስት ክፍል ነው። መሐንዲሱ ሁለቱን ሰርዟቸዋል፤ ይፈታሉ። ከእነሱ የሚተርፈውን ብረት ቆርጠን ለሦስቱ ሰያፍ ማሰሪያ እናደርገዋለን። መጋዘኑ ያጥራል፣ ግን ነፋስ አይጥለውም። ከውጭ የሚመጣ ነገር የለውም። ስምንት ቀን ይበቃናል።»

«ስምንት ቀን?» አለ ደምሰው።

«ስምንት።»

ደምሰው ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠ።

ሐና ልታጽናናው አልቀረበችም። «ዛሬ ጠዋት ሁለት ሞተውብኛል» አለች ወደ ሻምበሉ ዞራ። «ጓድ ደምሰውን ከወሰዷቸው ማን ይፈርማል? አዲስ ኃላፊ እስኪሾም ወር ሁለት ወር ነው። መኪኖቹ እዚያው ይቀራሉ።»

ነፋሱ ሲበረታ አቧራው መካከላቸው ገባ። ሻምበል ዶላሞ ወደ ደምሰው ዞረ።

«ጓድ ደምሰው፣ ቢሮዎ እንሂድ። ደብዳቤ ይጽፋሉ።»

«የእስረኛ ፊርማ አይሠራም።»

«እስካሁን አልያዝኩዎትም።»

ቢሮው ውስጥ ደምሰው ወረቀት ሳበና «መጋዘኑ ዝግጁ ነው» ብሎ ጀመረ። ሻምበሉ ከትከሻው በላይ ሆኖ አነበበው።

«እንደሱ አይበሉ። ያለውን ይጻፉ።»

ደምሰው ወረቀቱን ቀደደው። በሌላ ወረቀት ላይ፣ መጋዘኑ በሦስት ክፍል ተስተካክሎ በስምንት ቀን ውስጥ ዝግጁ እንደሚሆን፣ መኪኖቹ አሁኑኑ እንዲጫኑ ጻፈ። ለሥራው አንጁሎ በምስክርነት ፈረመ። ደምሰው ማኅተሙን ሲያሳርፍ ሐና ወረቀቱን በሁለት እጇ ያዘችለት። ቀለሙ ሳይደርቅ ተቀብላ ወደ አርባ ምንጭ ሊመለስ ወዳለው አውሮፕላን ሮጠች።

ከዚያ በኋላ ነው ሻምበሉ ካቴናውን ያወጣው።

አንጁሎና ሰዎቹ ሁለቱን ክፍሎች ፈትተው ሦስቱን በዘጠነኛው ቀን አስረው ቆርቆሮ አለበሱ። የመጀመሪያዎቹ አራት የጭነት መኪናዎች ጂንካ ሲገቡ ዝናብ ጀምሮ ነበር፤ እህሉ ግን አልረጠበም።

በሚያዝያ ሻምበል ዶላሞ ደምሰው የሰጠውን ቃል ሊያስፈርመው አርባ ምንጭ ወኅኒ ቤት ሄደ። ደምሰው ከስቷል።

«እህሉ ገባ?» አለው ገና ሳይቀመጥ።

«ገባ።»

«ደብዳቤው ከሄደ በስንተኛው ቀን?»

«በአሥራ አንደኛው።»

ደምሰው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቀኖቹን አሰላ። ተገኝ ያንን እሑድ በሕይወት ውሎ ቢሆን ኖሮ መኪኖቹ መቼ ይገቡ እንደነበርም አሰላ። ከዚያ ቀና አለ።

«በእነዚያ ትርፍ ቀኖች ስንት ልጅ…»

ሐና ቁጥሩን በወረቀት ጽፋ ለሻምበሉ ሰጥታው ነበር፤ የደረት ኪሱ ውስጥ አለ። ሻምበሉ የቃሉን ወረቀት ወደ ፊቱ ገፋለትና የሚፈርምበትን ቦታ በጣቱ አሳየው። ደምሰው እስኪፈርም ጠበቀ፤ ሰነዶቹን ሰበሰበ፤ የሐናን ወረቀት በኪሱ እንደያዘ ወጣ።