ከስቱኮው በታች

ኤልሲራ ለማለስለሻ ያሰበችውን ሰሌዳ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ልታጎብጠው ሞከረች፤ እንቢ አላት። የጀልባዋ ጎን ላይ ስታስደግፈው ደግሞ መሃሉ ብቻ ነካ፤ ሁለቱ ጫፎቹ ተንጠልጥለው ቀሩ።

«ወፍራም ነው» አለ አባቷ ከተቀመጠበት ሳይነሳ። «እንደዚያ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ይበላና ጠፍጣፋ ያደርገዋል። ከጀልባዋ ጋር አብሮ የሚጎብጥ ፈልጊ።»

አባቷ ዶን ኤቫሪስቶ በዚህ የቺሎዌ ደሴት ባሕር ዳርቻ አርባ ዓመት ጀልባ ሠርቷል። ባለፈው ክረምት ስትሮክ መታውና ቀኝ እግሩን እየጎተተ ከሆስፒታል ተመለሰ። እሱ ተኝቶ ሳለ ማገዶው ሁሉ በዝናብ ርሶባቸው ስለነበር ረጅሙን የማለስለሻ ሰሌዳውን ምድጃ ውስጥ ከትተው አንድደውት ነበር። ሲመለስ ጠየቀ፤ ነገሩት። «ደግ አደረጋችሁ» አለና ሁለተኛ አላነሳውም።

አሁን ግን ሰሌዳው የግድ ሆነ። ወንድሟ ናታልዮ ጀልባዋን በማሽን ሲያለሰልስ ጎኗን አወላግዶታል። ፊት ለፊት ሲያዩት ደህና ነው፤ የጠዋት ፀሐይ በጎን ስትመታው ግን በቢላዋ የተላጠ ድንች ይመስላል። የጀልባዋ ባለቤት ዶን ባልታሳር ሰኞ ዕለት መጥተው ይህንኑ አዩ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ መልሰው አጠለቁ፣ አንድም ቃል ሳይናገሩ ሄዱ። ለአባቷ ይህ ከስድብ ይብስ ነበር።

ኤልሲራ ከዶሮ ቤቱ ጣሪያ የተረፈ ቀጭን ኮምፔንሳቶ አገኘች። ርዝመቱን ከራሷ ቁመት ትንሽ አሳጥራ፣ ስፋቱን አንድ ስንዝር አድርጋ በመጋዝ ቆረጠችው። ከተሰበረ መቅዘፊያ ሁለት እጀታ አውጥታ በሁለቱ ጫፍ በብሎን አሰረቻቸው። የብሎኖቹ ራስ እንጨቱን እንዳይቧጥጠው ወደ ውስጥ ቀበረችው። ከዚያ ሻካራውን የብርጭቆ ወረቀት በኮላ ለጠፈችና በላዩ ድንጋይ ደርድራ እስኪደርቅ ተወችው። ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ስታነሳው እንደ ቀስት ጎበጠላት።

«ይሄ ነው» አለ አባቷ። «አሁን ጎኗን በሙሉ በእርሳስ ሞነጫጭሪው። ከዚያ በሰያፍ ግፊ። እርሳሱ የጠፋበት ከፍ ያለው ነው፣ የቀረበት ጎድጓዳው። እጅሽ ሲደክም ግን አቁሚ። የደከመ እጅ አንድ ወገን ይጫናል።»

ይህን ብሎ እሳት ሊሞቅ ወደ ቤት ገባ።

ጀልባዋ ባሕር የምትወርደው ቅዳሜ ነበር። በዚያ ቀን ባሕሩ ጀልባዋ እስከ ተሠራችበት ዳስ እግር ድረስ ይሞላል፤ ያ ካለፈ ደግሞ ሁለት ሳምንት መጠበቅ ነው። ዶን ባልታሳር ከማዶ ደሴት ሰውና ተማሪ ሊያመላልሱባት አስበዋል። የድሮው ጀልባቸው ከሁለት ክረምት በፊት ውሃ አስገብቶ ሰጥሟል። ትልቁ ልጃቸው ኦስማን አብሮ ሄደ፤ አስከሬኑም አልተገኘም። ታናሽ እህቱ ኢቤት የኤልሲራ የክፍል ጓደኛ ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ ጀልባ ረግጣ አታውቅም። ማክሰኞ ግን በእረፍት ሰዓት ድንገት፣ «ቅዳሜ እኔም እሳፈራለሁ። የአባትሽ ሥራ ከሆነች አልፈራም» ብላት ነበር።

ኤልሲራ እየገፋች ከጀልባዋ አፍንጫ ተነስታ መሃል ደረሰች። ትከሻዋ ቢቃጠልም ሥራው ደስ አላት፤ ማሽኑ የቆፈረው ሁሉ ቀስ እያለ ይጠፋ ነበር። ከታች በሦስተኛው ጣውላ ላይ ግን አንድ ነገር ዓይኗ ገባ። በዙሪያው እርሳሱ እንዳለ ሆኖ አንድ ቀጭን መስመር ብቻ ተለይቶ ጠራ። አሁንም ገፋች። የጥድ ጣውላው ለስላሳ ነውና ተፋቀ፤ መስመሩ ግን አልተበላም፣ ክንድ በሚያህል ርዝመት እያብረቀረቀ ወጣ።

እንጨት እንዲህ አይሆንም። በቢላዋዋ ጫፍ ጫረችው። ተፈርፍሮ የወደቀው ስቱኮ ነው፤ በሰጋቱራ ተለውሶ የእንጨት መልክ ይዟል። ቢላዋውን ስትጫነው የላዩን ቅርፊት ጥሶ እስከ እጀታው ገባ።

«ተይው እሱን።»

ናታልዮ ከኋላዋ ቆሟል። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ አባታቸው ከታመመ ወዲህ ጣውላውን ሁሉ የሚመታው እሱ ነው።

«ምንድነው ይሄ?» አለችው።

«ተሰነጠቀ። ሳልበሳ ምስማር መታሁበት፣ ተሰነጠቀ። ሌላ ደረቅ ጣውላ የለንም። ከውስጥም ከውጭም ሞልቼዋለሁ፤ እንደ ድንጋይ ነው፣ አታካብጂ።»

«ባሕር ላይ ስትወዛወዝስ?»

ናታልዮ የረገፈውን ስቱኮ በጫማው ገፋ አደረገው።

«አባዬ አላየውም?» አለች።

«መዳፉን አሳለፈበት። ሦስት ጊዜ። ‹እንደ መስተዋት ነው› አለኝ።» ናታልዮ መሬት መሬት አየ። «እኔም ምን ልበል? ዝም አልኩ።»

ኤልሲራ ባለፈው ሳምንት ያየችው መጣባት። አባቷ ቀኝ እጁን የጋለው ምድጃ ላይ አሳርፎ ያወራ ነበር። እጁን ያነሳው እሷ ስትጮህ ነው። ቆዳው ተልጦ እያየው «አልሞቀም እኮ» ብሎ ሊያስቃት ሞከረ። በዚያ እጅ ነው እንግዲህ የጀልባዋን ጎን ሲዳስስ የከረመው።

«ለእሱ ብትነግሪው ይሞታል» አለ ናታልዮ። «ሐኪሙ አታስደንግጡት ብሏል፣ አንቺም ሰምተሻል። ቅዳሜ ትውረድ። ክረምት ሲገባ ሰበብ ፈልጌ አወጣታለሁ፣ ጣውላውን እቀይራለሁ። እማማ ትሙት።»

«ክረምት እስኪገባ ኢቤትም ተማሪዎቹም ይሳፈሩባታል።»

«ኢቤት፣ ኢቤት! ስለኛስ ማን ያስብ? ከዚህ በኋላ ጀልባ የሚያሠራን ያለ ይመስልሻል?»

ኤልሲራ ሰሌዳውን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች። ከመሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ መሮና መዶሻ አነሳች። ናታልዮ ክንዷን ያዛት፤ ጥቂት እንደ ያዛት ቆየና ለቀቃት። ስቱኮውን ከጫፍ ጀምራ ማውጣት ያዘች። ቁራጮቹ እግሯ ሥር እንደ ጥርስ ረገፉ። የውስጡም ሲረግፍ በስንጥቁ ከወዲያ ማዶ ብርሃን ታያት።

የመዶሻውን ድምፅ ሰምቶ አባቷ እግሩን እየጎተተ መጣ። ስንጥቁን አየ። ቀኝ መዳፉን አሳለፈበት፤ ቀጥሎ ግራውን። የግራ እጁ ጣቶች ጠርዙ ላይ ቆሙ።

«እዚህ ላይ እጄን አሳርፌ ነበር» አለ።

«እኔ ነኝ የሰነጠቅኩት፣ አባዬ» አለ ናታልዮ።

አባቱ ወደ እሱ አልዞረም። ከምስማር ሣጥኑ ላይ ተቀመጠና ቀኝ እጁን በግራው ይዞ ጭኑ ላይ አኖረው። 

«ሂጂ፣ ባልታሳር ቤት» አለ በመጨረሻ። «ቅዳሜ አትወርድም በያቸው። ቀለሙ አልደረቀም በይ።»

«ገና አልተቀባችም እኮ።»

«እንጨቱ አልደረቀም በያ። አርባ ዓመት ነው፣ ኤልሲራ። አርባ ዓመት…»

ዝናቡ ጀምሮ ነበር። ኤልሲራ ዳገቱን ስትወጣ «እንጨቱ አልደረቀም» ብላ ለራሷ ተለማመደች። ሳያደናቅፋት ወጣ። ደግማ አለችው፤ ይበልጥ ቀለላት። ማንም አይጠይቃትም። ሁለት ሳምንት፣ አዲስ ጣውላ፣ ከዚያ አለቀ። አባቷም አባቷ እንደሆነ ይኖራል።

በሩን የከፈተችው ኢቤት ናት። አዲስ የጎማ ቦት ጫማ ተጫምታለች፤ እቤት ውስጥ እየተራመደች እያለማመደችው ነበር መሰል።

«ለቅዳሜ ነው» አለች አፍራ። «ምነው፣ ምን ሆነሻል? ዝናቡ አቧራውን ጭቃ አድርጎብሻል እኮ።»

«አባትሽ አሉ?»

ዶን ባልታሳር በእጃቸው የድንች ቂጣ ይዘው እያኘኩ ከጓዳ ወጡ። ፊቷን ሲያዩ ማኘካቸውን አቆሙ።

«ዶን ባልታሳር» አለች። የተለማመደችው ቃል ምላሷ ላይ ነበር። «ጀልባዋ ቅዳሜ አትወርድም። ከውሃ በታች የሚውለው ጣውላ ተሰንጥቋል። ስንጥቁን በስቱኮ ሸፍነነው ነበር።»

«ሸፍነነው?»

«አዎ። እኛ ነን።»

ኢቤት ወደ ቦት ጫማዋ አየች። ዶን ባልታሳር ቂጣውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፣ ካፖርታቸውን ከመስቀያው አወረዱ፣ አንዱን እጅጌ ሁለት ጊዜ ሳቱት። በአጠገቧ አልፈው ዝናቡ ውስጥ ገቡ።

ኤልሲራ ለጓደኛዋ አንድ ነገር ልትላት ፈለገች። ኢቤት ግን በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው።

ቁልቁለቱን ዶን ባልታሳር ከፊት፣ እሷ ከኋላ ሆነው ወደ ዳሱ ወረዱ።