የእሑድ ጥበቃ

ውባንተ ደብረ ታቦር የሚሠራ የፖሊስ ረዳት ሳጅን ነበር። ደመወዙ ከቤት ኪራይ አልፎ ለእናቱ መድኃኒት አልደርስ ቢለው፣ በእረፍት ቀኑ እሑድ እሑድ ዩኒፎርሙን እያወለቀ አንድ የእህል መጋዘን ይጠብቅ ጀመር።

ጌጤ የመጋዘኑ ንብረት ያዥ ናት። ስድስት ዓመት ኩዌት ሠርታ ተመልሳለች። መጀመሪያ ያስተዋለችው ዓይኑን ነበር፤ ቆሞ የሚያንቀላፋ ሰው ዓይን።

«እንቅልፍ የሚባል የለህም እንዴ?»

«አለኝ፤ ተራው አልደርስ ብሎ ነው እንጂ።»

ሳቀች። ከዚያ በኋላ ወንበር ታወጣለት፣ ሲደክመውም አጠገቡ ትቆም ጀመር። ብዙ አያወሩም። በሰው ቤት ያለ እረፍት ስትሠራ የኖረች ናትና ድካሙን ሳይነግራት ታውቀው ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ጣቢያው ውስጥ መመሪያ ተነበበ፤ የፖሊስ አባል ያለ ጽሑፍ ፈቃድ በግል ጥበቃ መሥራት አይችልም። ውባንተ ፈቃድ ጠየቀ፤ ተከለከለ። እሑድ መጥቶ ነገራት።

«ታዲያ ለምን መጣህ?»

«ለእናቴ ብዬ» አለ። ቆየት ብሎ፣ መሬት መሬቱን እያየ፣ «ለእናቴ ብቻ እንኳ አይደለም» አለ።

ጌጤ ወደ ቆጠራዋ ተመለሰች። ያን ቀን ግን የምትቆጥረው ጆንያ እየተሳሳተባት ዋለ።

በሦስተኛው እሑድ አለቃው ኢንስፔክተር ታደሰ ከተፍ አለ።

«ይኸ ሰው እዚህ ምን ይሠራል?» ሲል ጌጤን ጠየቃት።

«እጮኛዬ ነው» አለች ሳታስበው። «ሊጠይቀኝ መጥቶ ነው።»

ኢንስፔክተሩ ወደ ውባንተ ዞረ። ውባንተ ከወንበሩ ተነሣ።

«ጥበቃ ነኝ ጌታዬ» አለ። «አራት ወር ሠርቻለሁ።»

ኢንስፔክተሩ ጽፎ ሲሄድ ጌጤ እንባዋ መጣ።

«ሐሰተኛ አድርገህ አሳፈርከኝ!»

«ጥበቃውን አልክድም አልኩ እንጂ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ሌላውን መቼ ካድኩ?»

ማዕረጉ ዝቅ ብሎ ወደ እብናት ተዛወረ። መስከረም ሲጠባ አንበሳሜ፣ የጌጤ አባት አቶ አለሙ ዘንድ፣ ሽማግሌ ላከ።

«መመሪያ ጥሶ የተቀጣ ፖሊስ ነው አሉ» አሉ አባቷ ፊታቸውን አጥቁረው።

ለበዓል የመጣችው ጌጤ ከጓዳ ሆና መታገሥ አቃታት። «ጥሷል፣ አባባ። ሲጠየቅ ግን አልዋሸም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አቶ አለሙ ወደ ጓዳው አዩ፤ ፊታቸው ፈታ አለ።

«እንግዲያው ቀን ቁረጡ» አሉ።

ጌጤ ግድግዳውን ተደግፋ፣ እዚያው ጓዳ ውስጥ ቁጭ አለች።