ዱቄቱ እስኪረጥብ

ሹፌሩ በሩን ሳያንኳኳ እየሮጠ ሲገባ፣ በያጇ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ የመስኮት ፍርግርግ ትለካ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ድምፁን አልሰማችም። ፊቱን ስታይ ግን ኩርፊያዋ የት እንደገባ አጣችው።

«እናቴ...» አለ፤ ትንፋሹ ተቆራረጠ። «የወፍጮው እህል ማፍሰሻ ተደረመሰባት። እግሯን ብረቱ ይዞታል። መብራት የለም። በእጅ መጋዝ ሞከርነው፣ አልበገርም አለ። ድረሺልኝ!»

ለምን እኔ ጋ መጣህ አላለችውም። «የጋዝ ሲሊንደሮቹን እንጫን» አለችና ተነሳች።

የተዋወቁት እዚሁ ወርክሾፕ ውስጥ ነው፤ ከሰባት ወር በፊት። የጭነት መኪናውን የኋላ መዝጊያ ሊያስበይድ መጥቶ፣ እሷ በየመገጣጠሚያው የሳሙና ውሃ ስትቀባ ትዕግሥቱ አለቀ።

«እህት፣ ልብስ ልታጥቢ ነው ወይስ ልትበይጂ?»

«አረፋ ከተነሳ ጋዝ እያፈተለከ ነው ማለት ነው። ያኔ ብለኩሰው ሁለታችንንም በመጥረጊያ ነው የሚሰበስቡን።»

ሳቀ። በማግስቱ ምንም ያልሆነ ባልዲ ይዞ መጣ።

«ይሄ ምን ሆነ?» አለችው፣ ባልዲውን እያገላበጠች።

«ምንም። ይሰበራል ብዬ ፈርቼ ነው።»

እንዲህ ተጀመረ። ስድስት ወር ሙሉ ያልተሰበረ ዕቃ ሲያመላልስ ከረመ፤ በሰባተኛው እናቱ ዘንድ ለምሳ ወሰዳት። እናቱ ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ወፍጮ ቤቱን ብቻቸውን ያቆሙ፣ ሁሉ ነገር አሁኑኑ እንዲሆንላቸው የሚፈልጉ ሴት ናቸው። እሷንም አላስጠበቋትም።

«ይኸውልሽ ልጄ፣ ጎበዝ ነሽ አሉ። ግን ጥላሸት ለብሳ የምትውል ሴት ለልጄ አልተመኘሁለትም። ሰው ምን ይለኛል?»

እሷ ሹፌሩን አየችው። ሹፌሩ ሳህኑን አየ። ተነሥታ ወጣች፤ በዚያው ተለያዩ።

አሁን ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ቆም አለች። ግድግዳው፣ ማገሩ፣ የመብራቱ ገመድ ሳይቀር ዱቄት ለብሷል። መሐል ላይ ትልቁ የብረት ማፍሰሻ አንድ ጎኑ ተሰብሮ ተንጋዷል፤ ሁለት ሠራተኞች በእንጨት ደግፈውታል። ከሥሩ የታጠፈ ብረት የእናትየውን እግር ከወለሉ ጋር አጣብቆታል። ፊታቸው ከዱቄቱ አይለይም።

«ሲሊንደሮቹ ውጭ ይቀራሉ» አለች። «የጋዙ ጎማ ረጅም ነው፣ ይደርሳል። መስኮቶቹን በሙሉ ክፈቱ። ጆንያዎቹን አውጡ። ዱቄቱን እንዳትጠርጉት! ከተነሳ አየሩ ራሱ ይቀጣጠላል። ውሃ ቀስ አድርጋችሁ አርከፍክፉበት።»

«ይሄን ሁሉ ስናደርግ እግሯ አይሞትም?» አለ ሹፌሩ።

«ሳናደርገው ከለኮስኩ እግሯ ብቻ አይደለም የሚሞተው።»

ሲሊንደሮቹን አቁማ ከመኪናው ጎን በሰንሰለት አሰረቻቸው። የእያንዳንዱን አፍ ለቅጽበት ከፍታ ዘጋች፤ የተከማቸው አቧራ ፉጭ ብሎ ወጣ። የግፊት መለኪያውን ስታስር ብሎኑ ጠጠረባት። አንደኛው ሠራተኛ የዘይት ጣሳ ይዞ ቀረበ።

«ትንሽ ዘይት ላርግበት?»

«አርቀው! ኦክስጅን ዘይት ካገኘ ክብሪት አይጠብቅም።»

ሰውዬው ጣሳውን ይዞ ወደ ኋላ ሸሸ። እሷ ከመለኪያው ፊት ገለል ብላ የኦክስጅኑን መክፈቻ በቀስታ አዞረች። መርፌው ተነሣ። የሚነደውን ጋዝ፣ አሲቲሊኑን፣ ግማሽ ዙር ብቻ ከፈተች፤ መዝጊያ ቁልፉንም እዚያው ተወችው። ከዚያ ብሩሿን የሳሙናው ውሃ ውስጥ ነከረች።

ይኼኔ ሹፌሩ ፈነዳ።

«አሁንም ሳሙና? እናቴ እየሞተች ሳሙና? ገባኝ! ስለጠላችሽ ነው የምታዘገዪው!»

ውስጥ ያሉት እናትየው ሰምተዋል። በያጇ መቀባቷን ቀጠለች።

በአሲቲሊኑ መገጣጠሚያ ላይ አንድ አረፋ ብቅ አለ። ምስር አከለ፣ ባቄላ አከለ፣ ከዚያ ፈንድቶ ሌላ ተተካ።

ሹፌሩ አየው።

ዘግታ፣ ፈትታ፣ ውስጡን አጽድታ መልሳ አጠበቀችው። እንደገና ቀባች። ምንም የለም።

«አንተ እዚህ ትቆማለህ» አለችው፣ ዓይኑን ሳታይ። «እጅህ ከቁልፉ እንዳይለይ። ‹ዝጋ› ካልኩህ በዚያችው ቅጽበት ትዘጋለህ። ምንም ብትሰማ ወደ ውስጥ አትገባም።»

«እሺ» አለ። ድምፁ የሕፃን ድምፅ ነበር።

ወለሉ ረጥቦ ጭቃ ሆኗል። ከእናትየው ጎን ተንበረከከች። እግራቸውን በረጠበ ብርድ ልብስ ሸፈነች፤ ከብረቱና ከብርድ ልብሱ መሐል ቆርቆሮ አስገባች።

«እማማ፣ ሙቀት ይሰማዎታል። ካቃጠለዎት ይጩኹ፣ አቆማለሁ። ፊትዎን ወዲያ ያዙሩ።»

«የማፍሰሻው ብሎን ላልቷል ብለውኝ ነበር» አሉ እናትየው በተሰበረ ድምፅ። «ይህን እህል እንጨርስና እናስጠብቀዋለን አልኩ።» ትንሽ ቆዩና፣ «ፈርተሻል?» አሏት።

«በጣም።»

«ደግ አደረግሽ። የማይፈራ ሰው ባይነካኝ ይሻለኛል።»

መነጽሯን አወረደች። መጀመሪያ በጎማው ጫፍ ካለው መቁረጫ አሲቲሊኑን ለቃ ለኮሰችው፤ ቢጫ ነበልባል ጥላሸት እየበተነ ተነሣ። ኦክስጅኑን ስትጨምር ተሰብስቦ ሰማያዊ ሆነ። ብረቱ ላይ አነጣጠረችው። ቀላ። ይበልጥ ቀላ። ሊነጣ ሲል የመቁረጫውን እጀታ ተጫነች፤ ብልጭታው በርጥቡ ወለል ላይ እየተንጣጣ ተበተነ።

ከላይ ማፍሰሻው ሲጢጥ አለ። ደጋፊ እንጨቶቹ አቃሰቱ። እናትየው የሸማቸውን ጫፍ ነከሱ። አልጮኹም።

ሊበጠስ ጥቂት ሲቀረው አቆመች። «ብረቱን ያዙት፣ ወደ ታች እንዳይወርድ» አለች። የሁለቱ ሠራተኞች አራት እጆች በወፍራም ጓንት ጨበጡት። እንደገና ተጫነች።

ቀጭ።

«ዝጋ!»

ሹፌሩ ዘጋ። ነበልባሉ ጠፋ። እናትየውን ጎትተው ሲያወጧቸው ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነፈሱ።

የጎረቤት መኪና በር ላይ ቆሞ ነበር። ሹፌሩ እናቱን አቅፎ ከኋላ ከገባ በኋላ አንገቱን አወጣ።

«ነይ እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?»

«እሳት» አለች። «ብልጭታው የት የት እንደገባ አላውቅም። ግማሽ ሰዓት ማየት አለብኝ። ሂዱ።»

ትኩር ብሎ አያት። መኪናው ሄደ።

ባልዲ ይዛ ስትዞር ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየች። ከዚያ አፍንጫዋን የተቃጠለ ጨርቅ ሸተተው። ከማሽኑ ጀርባ ተረስቶ ከቀረ ጆንያ ጥግ ክር የምታህል ጭስ ትወጣለች። ባልዲውን ገለበጠችበት። ጭሱ ሲጠፋ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ሹፌሩ ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። ልብሱ ሳይገደው ከአጠገቧ ተቀመጠ።

«እግሯ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ግን ይድናል አሉ።»

«ተመስገን።»

ጭቃውን በጣቱ ጫር ጫር አደረገ።

«ያልኩሽን ነገር...»

«እሱን እረሳዋለሁ። ሰው ሲጨንቀው የማይለው የለም። ያን ቀን ምሳ ላይ ዝም ያልከውን ግን አልረሳውም።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው መኪና ውስጥ የነገርኳት።»

«ምኑን?»

«ፈቀድሽም አልፈቀድሽም ከእሷ አልለይም አልኳት።»

«እግሯ ተሰብሮ? በዚያ ሰዓት?»

«ሌላ ሰዓት ብጠብቅ መልሼ እፈራ ነበራ።»

ሳትወድ ሳቋ አመለጣት። ፊቷን በክንዷ ጠረገች፤ ይበልጥ ጠቆረች።

«እሳቸውስ ምን አሉ?»

«‹ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ለራሷ ንገራት› አለች። ከዚያ ነጂውን ‹ቀስ በል!› ብላ ተቆጣችው።»

«ታዲያ ንገረኛ።»

ነገራት። አልቸኮለም፤ እሷም አላቋረጠችውም።

ከዚያ በአምስተኛው ወር ተጋቡ። እናትየው በከዘራ ተደግፈው ከእንግዳ ወደ እንግዳ እየተዘዋወሩ፣ «እኔ ነኝ የመረጥኳት» ይሉ ነበር። ማንም አልተከራከራቸውም።