ስፖንጁን ማን መለሰው?

ሐጂ ፋኢቅ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ውሃ ውስጥ እንደነከሩ፣ ጅዳ በሚገኘው ቤታቸው ሳሎን፣ የዓሣ ገንዳቸው ላይ ተደፍተው ተገኙ። የገደላቸው ኤሌክትሪክ ነው። ፖሊሶቹ ጊዜ አላጠፉም፤ ኢንዶኔዥያዊቷን የቤት ሠራተኛ ሱማርኒን በካቴና አስረው ጥግ አስቀመጧት። ወይ ግፍ! ነገሩ ከጸናባት የምትከፍለው በአንገቷ ነው።

መርማሪ ቡርሃን የሟችን ሚስት ውዳድን በልጇ ስም ጠርቶ ጠየቀ፦ «ኡም ለሚስ፣ ምን አዩ?»

«ሱማርኒ የገንዳው ማብሪያ ጋ ቆማ ነበር፤ በዓይኔ በብረቱ!» አለች ውዳድ።

«ኧረ ማዳም፣ እኔ ኩሽና ነበርኩ!»

«ዝም በይ አንቺ!»

ቡርሃን ወደ ገንዳው ጎንበስ አለ። አኒሞኖቹ፣ እነዚያ አበባ የሚመስሉ የባሕር እንስሳት፣ እያንዳንዱ ዘር በየድንጋዩ ተራርቆ ተቀምጧል። አንዱ ግን ድንጋዩን ለቆ ውሃውን የሚያዞረው ፓምፕ ሥር ደርሷል።

«ይሄኛውን ምን ነካው?»

«ቦታው ካልተመቻቸው ይሄዳሉ» አለች የሟች ልጅ ለሚስ፣ ዓይኗ በለቅሶ አብጦ። «የፓምፑን አፍ በስፖንጅ የምንሸፍነው ለዚህ ነው፤ አለዚያ ስቦ ይፈጫቸዋል። አባቴ ስፖንጁን ሲያጥብ ኤሌክትሪኩን ያጠፋል። ገመዱ ተልጧል ቀይረው ስለው፣ ነገ ይለኛል። ዛሬ እኔ ሳሎን ዝር አላልኩም።»

ቡርሃን ስፖንጁን ሲያነሳው የፓምፑ ወንፊት ላይ የአኒሞን ጣቶች ተበጣጥሰው ተጣብቀዋል። ሁሉንም አስጠግቶ አሳያቸው።

«ፓምፑ ያለ ስፖንጅ ሠርቷል ማለት ነው። ሐጂ በሕይወት እያሉ ይህን አያደርጉም። ስለዚህ ስፖንጁ ወልቆ፣ እጃቸው ውሃ ውስጥ እያለ አንድ ሰው ማብሪያውን ተጫነ። ከዚያ አጠፋና ስፖንጁን ሬሳው አጠገብ በቦታው መለሰ። ለሰውዬው ያላዘነ ለአኒሞኑ አዘነ።» እጁን ወደ ማብሪያው ሰደደ። «እስቲ ላብራው።»

ውዳድ ፈዛ ታያለች። ሱማርኒ አንገቷን ደፍታለች። ለሚስ ግን ዘልላ ክንዱን ያዘችው።

«በአላህ! መጀመሪያ ስፖንጁን መልሰው!»

ለሚስ የያዘችውን ክንድ ለቀቀች።

«የተለያየ ዘር አንድ ድንጋይ ላይ አታስቀምጪ፣ በመርዝ ይጨራረሳሉ ብሎ ያስተማረኝ ራሱ ነው» አለች። «በእናቴ ላይ ግን ሌላ ሚስት እዚሁ ቤት ሊያስገባ! ለአኒሞን ያሰበውን ለሷ አላሰበም!»

ቡርሃን ወደ እናትየው ዞረ። «በዓይኔ በብረቱ ያሉትስ?»

«ልጄ ናት!» አለች ውዳድ ደረቷን እየደቃች። «ልጄ ናት፣ ምን ላድርግ?»

የሱማርኒ ካቴና ተፈታ። የቆሰለ የእጅ አንጓዋን እያሻሸች ውዳድ ፊት ቆመች።

«እኔንም እናት ናት የወለደችኝ፣ ማዳም» አለቻት።