የታችኛው ብዕር የጻፈው

የጉድጓዱ ጠባቂ ጋሽ ፋኖስ በመቶ ሃያ ሜትር ጥልቀት፣ በእብነ በረድ ማውጫው ወለል ላይ፣ በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። ሠላሳ ዓመት ከእጃቸው ያልተለየው፣ ስሙንም ያወረሳቸው ፋኖስ ግን ከአጠገባቸው አልነበረም። የተሳፈሩበትን አሳንሰር ያወረደችው የገዛ ልጃቸው ነበረች።

ሦስት ቀን አለፈ። ልጅቷ አሳንሰሩን በምትቆጣጠርበት የማንሻ ክፍል ተቀምጣ ከጣሪያው የተንጠለጠለውን ደወል ታያለች፤ ገመዱ በጉድጓዱ ዳር እስከ ወለሉ ስለሚወርድ ከየትኛውም ጥልቀት ይሳባል። ማንም ሳይነካው የሚንቀጠቀጥ ይመስላታል። አንድ ጊዜ ሲደወል ታቆማለች፤ ሁለት ሲደወል ታወርዳለች፤ ሦስት ሲደወል ታወጣለች። ከክፍሏ ጉድጓዱ አይታይምና ዓይኗ ያ ደወል ነው። በእርሱ ታዝዛ አባቷን ወደ ሞታቸው ላከች። እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርጋት ቀኝ እጇ ብቻውን ማንሻ ይገፋል።

የሞቱን ጉዳይ የያዘው ሽማግሌ መርማሪ ሲገባ የበሩን ደፍ ለመሻገር እንኳ ጊዜ ወሰደ። ሠራተኞቹ ገና በመጀመሪያው ቀን «ኤሊው» ብለውታል።

በክፍሉ ጥግ ሁለት ብዕር ያለው የመዝገቢያ ሳጥን አለ። የላይኛው ብዕር አሳንሰሩ የደረሰበትን ጥልቀት ይጽፋል፤ ያ ወረቀት በየማታው ለቢሮ ይላካል፤ ማንበቡንም ሁሉም ያውቅበታል። የታችኛው ፍጥነትን ይጽፋል። እርሱን መካኒኩ የእጁን ዘይት ይጠርግበታል እንጂ ያነበበው ሰው የለም።

የሠራተኞቹ ካቦ ወረቀት ዘረጋ። «የጥልቀቱ ወረቀት ጥቅል የዚያን ቀን አልቆ ነበር ጌታዬ። የተረፈው የፍጥነቱ ነው። ግን መስመር መስመር ነው። ይኸው ተነሣ፤ እዚህ ጋ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ከዚያ ቁልቁል ተወረወረ። አንጠልጥላ አቆመችውና ለቀቀችው። ሽማግሌው ሚዛናቸውን ሳቱ። እኔ አልፈርድባትም፤ እጅ ይስታል።»

«አንተ የት ነበርክ?»

«እላይ፣ ከጉድጓዱ አፍ። ካሳፈርኳቸው በኋላ ንቅንቅ አላልኩም።»

መርማሪው ወረቀቱን አጥፎ በኪሱ ከተተና ወደ መካኒኩ ዞረ።

«እኔ ታች ፓምፕ እየፈታሁ ነበር» አለ መካኒኩ። «ጋሽ ፋኖስ ወደቁ። አሳንሰሩ ግን ወዲያው አልመጣም። ቆየት ብሎ ባዶውን ወረደ። እርዳታ እንዲያመጣ ሦስት ጊዜ ደውዬ ባዶውን መለስኩት። እሳቸውን ብቻቸውን ጥዬ መውጣት አልሆነልኝም።»

«ስትልከው ማንም አልተሳፈረም?»

«ከኔና ከሟቹ በቀር ማን ነበር? እሳቸው እንደሆኑ ልሳፈር አላሉኝም።» ቀልዱ ከአፉ እንደወጣ አፈረና አቀረቀረ። «ይቅር በሉኝ። ስፈራ አፌ ይቀድመኛል። ስልሳ ሜትር ላይ የተዘጋ ዋሻ አለ። ጣሪያው ወርዶ ሦስት ሰው በልቷል። ዓመት ሙሉ ከዚያ ይንኳኳል። ካቦው ‹ሙታኑ ናቸው፣ አትቅረቡ› ይለናል። ጋሽ ፋኖስ ግን ‹ሙት መዶሻ አይጨብጥም› ይሉ ነበር።»

ሥራ አስኪያጁ ብዙ የሚናገረው አልነበረውም። «የአደጋውን ሳይረን ሰምቼ ከቢሮ ሮጥኩ። አሳንሰሩ ወጥቶ ነበር፤ ካቦው ብቻውን በሩ ላይ ቆሟል።»

በመጨረሻ መርማሪው ወንበር ስቦ ከልጅቷ ፊት ተቀመጠ። «ልጄ፣ ደወሉን ብቻ ንገሪኝ።»

«ሁለት ተደወለ፤ አወረድኩ። መሀል ላይ አንድ፤ አቆምኩ። ዘጠና ቆጠርኩ። ሲቆም መቁጠር አባቴ ያስለመደኝ ነው። ከዚያ ሁለት።»

«ሲወጣስ?»

«ሦስት። መሀል ላይ አንድ። አሥራ ሁለት ስቆጥር እንደገና ሦስት። የደወሉ ገመድ የተጠላለፈባቸው መስሎኝ ነበር።» ቀና ብላ አየችው። «ጌታዬ፣ ካቦው እንደሚሉት ለቅቄው ይሆን? አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ?»

መርማሪው ያጠፈውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ከኪሱ ማስመሪያ አወጣ።

በማግስቱ ሁሉንም በማንሻው ክፍል ሰበሰባቸው። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆሙ። ወረቀቱን ከግድግዳው ላይ ለጠፈና ወደ ካቦው ዞረ።

«መስመር መስመር ነው ብለህ ነበር። አይደለም። በጥልቀቱ ወረቀት ላይ አግድም መስመር ማለት አሳንሰሩ ቆሟል ማለት ነው፤ ቦታው አልተለወጠምና። ይህ ግን የፍጥነት ወረቀት ነው። አግድሙ መስመር ከሁለት ላይ ነው ያለው። አሳንሰሩ በየሰከንዱ ሁለት ሜትር እየወረደ ነበር ማለት ነው። ቆመ ባልክበት ሰዓት በሙሉ ፍጥነቱ ይጓዝ ነበር። ቁልቁል ተወረወረ ያልከውም ልጅቷ ቀስ ብላ ፍሬን ስትይዝ ነው።»

«ታዲያ የቆመው መቼ ነው?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«መስመሩ ዜሮ ላይ በተኛበት ጊዜ። ዘጠና ሰከንድ፤ እርሷ እንደቆጠረችው። የት እንደቆመ ደግሞ ከመስመሩ በታች ያለው ስፋት ይነግረናል። ሃያ ሰከንድ በሁለት ሜትር ሲባዛ አርባ ሜትር። ሲነሣ በአሥር ሰከንድ ከዜሮ ሁለት ደረሰ፤ አማካዩ አንድ ነውና አሥር ሜትር። ሲያቆምም እንዲሁ አሥር። ደምርልኝ እስቲ፣ መካኒክ።»

መካኒኩ በጣቱ ደመረ። «ስልሳ።»

ልጅቷ ጉልበቷን ጨበጠች።

«አዎ፣ ከተዘጋው ዋሻ ደጃፍ። ጋሽ ፋኖስ የሚያንኳኳውን ለማየት እዚያ ወረዱ። የወደቁትም አሳንሰሩ ቆሞ ሳለ ነው፤ መካኒኩ ‹ወደቁ፣ ቆየት ብሎ አሳንሰሩ መጣ› ያለው ለዚህ ነው። ሲወጣም ወረቀቱ ያንኑ ይደግማል። ስልሳ ሜትር፣ ከዚያ አሥራ ሁለት ሰከንድ ዜሮ፣ ከዚያ ስልሳ ሜትር። ከታች ባዶውን የተላከ አሳንሰር መሀል መንገድ ላይ ማንን ጫነ? ከላይ በሩ ላይ የተገኘው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«ወረቀት ሰው አያይም!» ሲል ካቦው ጮኸ።

«አያይም። የት እንደምንፈልግ ግን ነገረን።»

አንደኛው ፖሊስ የተሰበረ ፋኖስ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ልጅቷ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች።

«ዋሻው ውስጥ ተገኘ» አለ መርማሪው። «አጠገቡም ይህ መዶሻ። ጣሪያውን ከተሸከሙት የእብነ በረድ ምሰሶዎች አራቱ ተፈልፍለው ሊያልቁ ደርሰዋል። በሙታኑ እያሳበብክ እብነ በረድ ስትሰርቅ፣ በሕያዋኑ አናት ላይ ጣሪያ ስታሳሳ ከረምክ። ሲወርዱ የወደቁ እንዲመስል አሳንሰሩን ባዶውን ቁልቁል ላክህ፤ የቦታውን ወረቀት አጠፋህ፤ የፍጥነቱን ተውክ። ፍጥነት ቦታን በሆዱ ይዞ እንደሚዞር አላወቅህም።»

ካቦው ወንበር ፈልጎ ሳያገኝ መሬት ላይ ተቀመጠ። «ዋሻው ውስጥ ስፈለፍል ደረሱብኝ። ወጥቼ እናገራለሁ አሉኝ። ለመንኳቸው። እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኳቸው። እንቢ ብለው ወደ አሳንሰሩ ሲመለሱ፣ ከጎኑ ካለው ክፍተት ዳር… ገፋኋቸው።»

ሁሉም ሲወጡ ልጅቷ የመርማሪውን እጅጌ ያዘች። «ዘጠናውን ስቆጥር አባቴ በሕይወት ነበር፣ አይደል?»

መርማሪው መነጽሩን አውልቆ ረጅም ጊዜ ጠረገው። «ከዘጠናው የተወሰነውን ያህል። ስንቱን እንደሆነ ወረቀቱ አያውቅም፤ የአሳንሰሩን እንጂ የሰውን አይጽፍም። እጅሽ ግን ንጹሕ ነው፣ ልጄ።»

ከሰዓት በኋላ ምሰሶዎቹን የሚደግፉ ሠራተኞች ተሳፈሩ። ከስልሳ ሜትር የሚያንኳኳ ድምፅ አልነበረም፤ ዝምታው ግን ከማንኳኳቱ ይልቅ ከበዳት። ሁለት ጊዜ ተደወለ። ልጅቷ ማንሻውን ገፋች። የታችኛው ብዕር ተነሣ፤ ከሁለት ላይ ደርሶ አግድም መጻፍ ጀመረ። ሌላ ሰው ቢያየው ቆሟል ይል ነበር። እርሷ እየወረደ እንደሆነ አወቀች። ከንፈሯ ግን ማንም ሳያዘው፣ አሳንሰሩም ሳይቆም፣ አንድ ብሎ ቆጠራውን ጀመረ፤ ዘጠና እስኪሞላም አላቆመም።