የአምስተኛ አልጋ ሆርሞን

ከዚህ በታች በጻፍኩት ውስጥ አንዲት ቅጥፈት ያገኘ ሰው ጢሜን በደረቁ ይላጨኝ። እኔ አራተኛ አልጋ ላይ ነበርኩ፤ ሰውየው አምስተኛው ላይ። በመካከላችን መጋረጃ እንኳ አልነበረም። ከእኔ የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል?

የደንጊ ትኩሳት ከተማውን ባጥለቀለቀበት ክረምት ነው። የእኔ ትኩሳት እንዴት ያለ እንደነበር ልንገራችሁ፤ ግንባሬ ላይ የሚያኖሩልኝ እርጥብ ፎጣ ሲነሣ ደርቆ ብቻ ሳይሆን ተተኩሶም ነበር። ጎረቤቴ ከእኔም ይብስ ነበር። ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ጣሪያ ላይ የውኃ ታንከር ሲጠግን በጠራራ ፀሐይ ትንኟ ነደፈችው። ከሰው ጋር ሲያወራ የገዛ ጫማውን የሚያይ፣ «ደህና አደርክ» ለማለት ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን የሚጠርግ ዓይነ አፋር።

ዶክተሩ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ ሽማግሌ ሲሆን፣ አንድ ጥናት ይዟል። ይህ ትኩሳት ከሰው ገላ ውስጥ ቫይታሚኑን ምን ያህል ይወስዳል? ሆርሞኑንስ እንዴት ያናውጣል? ስልሳ ሕሙማን ነን። ደማችን በሦስተኛው፣ በሰባተኛው፣ በአሥራ አምስተኛውና በሠላሳኛው ቀን ይቀዳል።

የምትቀዳን የላብራቶሪ ባለሙያዋ ናት። በቀን እየመጣች ደም ስለምትወስድ ክፍሉ በሙሉ «ቢምቢ» ይላታል። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፣ አልክድም።

ጣጣው ሁሉ የመጣው ከደንቡ ነው። ዶክተሩ ከሚለካቸው አንዷ የጭንቀት ሆርሞን የሚሏት ናት፤ ሰው ሲሮጥ፣ ሲደነግጥ ሽቅብ ትወጣለች። ስለዚህ በሽተኛው ከመወጋቱ በፊት ግማሽ ሰዓት ሙሉ ጸጥ ብሎ ይቀመጣል። ቢምቢም ሰዓቷን ጭኗ ላይ አድርጋ አጠገቡ ትቀመጣለች፤ እንዳይነሣ፣ እንዳያወራ፣ እንዳያንቀላፋ።

«አትናገርም፤ አትንቀሳቀስም» አለችው በሦስተኛው ቀን።

«መተንፈስስ?»

«በልክ።»

ግማሽ ሰዓቱ ጀመረ። ውጪ ዝናቡ አባርቶ ከአሸንዳው ጠብ ጠብ ይላል። የመስኮቱ ብርሃን በተሰቀለው የግሉኮስ ጠርሙስ ውስጥ አልፎ ግድግዳው ላይ እንደ ኩሬ ይወዛወዛል። ሰውየው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከራሱ ጫማ ዓይኑን አንሥቶ የሌላ ሰው ጫማ አየ። የእሷን።

በሰባተኛው ቀን ዓይኑ እጇ ላይ ደረሰ። በዘጠነኛው ቀን ድነን ወጣን፤ በአሥራ አምስተኛው ለቀጠሮ ስንመለስ አገጯ ላይ ነበር።

«ቫይታሚንህ ያንሰራራ ይመስላል» አለችው ፊቱን አይታ፣ መርፌውን ስትነቅል። «ፀሐይ ትሞቃለህ ማለት ነው?»

«ጣሪያ ላይ ነኝ እኮ።»

«እዚያ ላይ ሆነህ ምን ታያለህ?»

ጉሮሮውን ጠረገ። «የዚህን ግቢ በር።»

ደሙ ከተቀዳ ስድስት ደቂቃ አልፎታል፤ ቆጥሬያለሁ። እሷ ግን አልተነሣችም።

በሠላሳኛው ቀን ዓይኗ ላይ ደረሰ። እዚያው ቀረ።

ከዚያ የሆርሞኑ ውጤት መጣ። ከሁለት ቀን በኋላ ዶክተሩ ቢምቢን ኮሪደር ላይ አስቆማት፤ እኔ መድኃኒት ልወስድ መጥቻለሁ፤ ጆሮዬን ደግሞ ሲፈጥረው ለኮሪደር ነው።

«አንቺ ልጅ፣ የሃምሳ ዘጠኙ ሰው ሆርሞን ከትኩሳቱ ጋር ሲበርድ፣ የዚህ ሰውዬ በየቀጠሮው ለምን ይወጣል? ወይ ናሙናውን አበላሽተሻል፣ ወይ ግማሽ ሰዓቱን አልጠበቅሽም።»

«ዶክተር፣ አንዲት ደቂቃ አላጎደልኩም።»

«ትናንት እንደገና አስጠርቼው ጋሼ ነርስ ቢቀዱት እንደማንም ሰው ሆነ እኮ! አንዱ ከተበላሸ ስልሳውም ተጠርጣሪ ነው። እስከ ዓርብ ምክንያቱን ካላመጣሽልኝ ሥራውን ለሌላ እሰጣለሁ።»

ሦስት ዓመት ሙሉ በጊዜያዊነት የሠራች ልጅ ናት፤ ቋሚ የሚያደርጋት ይህ ጥናት ነበር። ላብራቶሪዋ ገብታ ግንባሯን የፍሪጁ በር ላይ ስታስደግፍ በመስታወቱ አየኋት። ምክንያቱን ታውቅ ነበር? እንጃ። ብታውቅስ፣ ለአለቃዋ «ሰውየው እኔን ሲያይ ነው» ትበል? ተሳስታ ቢሆን መሳቂያ መሆኗ ነው።

በቀጥታ ቧንቧ ሠራተኛው ዘንድ ሄድኩ።

«አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷን ከሥራዋ ልታስነቅላት ነው!»

«ምን አደረግኳት?»

«ምንም! ጉዱ እሱ አይደል?»

የሰማሁትን አንድ በአንድ ነገርኩት። ትኩሳቱ ያልወሰደው ቀይ ቀለም ከፊቱ ላይ ጠፋ።

ዓርብ ጠዋት በገዛ ድፍረቱ፣ የቧንቧ መፍቻውን እንደያዘ፣ ዶክተሩ ቢሮ ገባ።

«ዶክተር፣ እሷ አላበላሸችም። የተበላሸሁት እኔ ነኝ።»

«እንዴት ሆኖ?»

ጉሮሮውን ጠረገ። አንዴ። ሁለቴ። ሦስቴ። «ጋሼ ሲቀዱኝ ጋሼን አያለሁ። እሷ ስትቀዳኝ... እሷን አያለሁ።»

ዶክተሩ የተማረ ሰው ስለሆነ አልገባውም። «ታዲያ የምመረምረው ዓይንህን ነው ደምህን?»

«ሁለቴ ይቀዳልኝ። መጀመሪያ በጋሼ፣ ቀጥሎ በእሷ። አሁኑኑ።»

ጋሼ ነርስ አጠገቡ ተቀመጡ፤ ሁለት ጊዜ አስነጠሱ፤ ቀሪውን ሰዓት አንቀላፉ። ከዚያ እሷ ገባች። ሰዓቷን አውጥታ ጭኗ ላይ አኖረችው፤ አንድም ጊዜ ግን አላየችውም። ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ይወዛወዛል። ደጁ ላይ የተሰበሰብነው ሁሉ በበሩ ክፍተት ተጋፍተን እናያለን።

«እውነት ነው?» አለችው በሹክሹክታ።

«በሽተኛ አይናገርም» አላት። ፈገግታው ግን ከደንብ ውጪ ነበር።

ያቺ ሆርሞን ጠዋቱ እየገፋ ሲሄድ በሰው ገላ ውስጥ መቀነስ ነበረባት። ልጅቷ ስትቀዳው ግን ጋሼ ከቀዱት እጥፍ ሆና ተገኘች። ዶክተሩ ሁለቱን ወረቀት አፈራረቀ፤ መነጽሬን አምጡልኝ አለ፤ ግንባሩ ላይ ነው አሉት። አድርጎ ደግሞ አየ።

«ለዚህኛው በሽታ እኔ ጥናት የለኝም» አለና ሰውየውን ከመዝገቡ ሰረዘው። የሃምሳ ዘጠኛችን ደም ዳነ፤ የእሷም እንጀራ።

ኮሪደሩ ላይ ግን ተቆጥታ ነው የጠበቀችው። «ለአለቃዬ ነገርክ፣ ለወረቀት ነገርክ። ለእኔስ?»

አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ተቀመጠች። መርፌ የለ፣ ሰዓት የለ። ዝናቡ መጣ፤ ዝናቡ ሄደ።

«አብረን ብንኖር» አለ በመጨረሻ፣ ጉሮሮውን ሳይጠርግ፣ ዓይኗን እያየ፣ «ይህ ደሜ መቼም አይበርድም።»

«አይብረድ» አለች። «ልኬቱን የምይዘው እኔ ነኝ።»

ይኸው እስከ ዛሬ ይዛዋለች።

አንዲት ነገር ግን ጨምሬያለሁ፤ ብደብቃት አላስተኛ ስላለችኝ ነው። በገዛ ድፍረቱ ገባ ያልኳችሁ ውሸት ነው። «ዶክተሩ ቢሮ ቧንቧ ፈንድቶ የጥናቱ ወረቀት ሊበሰብስ ነው፣ ድረስ!» ብዬ በሩጫ የላክሁት እኔ ነኝ። ገብቶ ሲያይ ወለሉ ደረቅ ነው፤ ዶክተሩ ያፈጥበታል። በሩ ከኋላው ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ይቅርታ ብሎ መውጣት ይችል ነበር።

አልወጣም። እሱን እኔ አልፈጠርኩትም።