ቀጥ ብሎ የወረደው ጋሪ

እሜቴ ከበረንዳው ወደ ግቢው በር በሚወርደው የሲሚንቶ ቁልቁለት ግርጌ፣ ጭንቅላታቸው የቦዩ ጠርዝ ላይ እንዳረፈ፣ በጀርባቸው ተንጋለው ሞተው ተገኙ። አጠገባቸው አዲሱ የሕፃን ጋሪ በጎኑ ወድቋል፤ ያው ባለሦስት ጎማው፣ ከተገዛ ጀምሮ ቤቱን ሲያናክስ የሰነበተው። ደግነቱ ሕፃን አልነበረበትም።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ስለሆነች አይደለም፤ እንዲያውም ወገቧ ከዓመት ዓመት እየሰፋ ቀበቶ ሻጮችን ሲያስደስት ኖሯል። የት ላይ እንደምትወጋ ስለምታውቅ ነው። ከኋላዋ አሥር አለቃው ቁና ቁና እየተነፈሰ ተከትሏት ገባ።

ቁልቁለቱ አናት ላይ የሟች ትልቋ ልጅ እጆቿን አጣምራ ቆማለች። ረጅም ናት፤ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናት፤ አስተያየቷም ያረፈደ ተማሪ የያዘች ዓይነት ነው።

«ዘገያችሁ» አለች። «ገዳይዋ ውስጥ ናት። ልጅ ታጥባለች።»

«ገዳይ መኖሩን ማን ነገረዎት?» አለች መርፌ።

«ዐይኔ! በመስኮት አይቻለሁ። የወንድሜ ሚስት ጋሪውን እዚህ ያለ ፍሬን ትታው ገባች። እናቴ ከታች ወደ ላይ እየወጣች ነበር። ጋሪው ተንደርድሮ ወረደና እግሯን መትቶ ጣላት።»

«እንዴት አድርጎ ወረደ?»

«እንዴት ማለት? ጎማ አይደለም እንዴ? ቀጥ ብሎ ነዋ! እንደ ባቡር!»

«ከዚያ በኋላ ጋሪውን የነካው አለ?»

«ማንም። ያቺ ማስረጃ እንዳታጠፋ ብዬ ከዚህ ንቅንቅ አላልኩም።»

«እናትዎን ለማንሳትስ አልሞከሩም?»

«ሬሳ እንደማይነካካ አውቃለሁ። የተማርኩ ሰው ነኝ።»

«ጎሽ» አለች መርፌ። ዳይሬክተሯ ሙገሳውን እንደሚገባት ሰው ተቀበለች።

«ሆን ብላ ይሁን በዝርክርክነቷ፣ እሱን ፍርድ ቤት ያጣራው» ስትል ቀጠለች። «እኔ የማውቀው እንዲህ ያለች ሴት የወንድሜን ልጅ ማሳደግ እንደሌለባት ነው። ዛሬውኑ ውሰዷት። ልጁን እኔ አለሁለት።»

መርፌ ወደ ታች ወረደች። የፖሊስ ሐኪሙ ከሟች አጠገብ ተንበርክኳል። ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰ ይመስል ፊቱን ቋጥሯል።

«የገደላቸው የቦዩ ጠርዝ ነው» አለ ቀና ሳይል። «እግራቸው ላይ ግን ጭረት እንኳ የለም። አየሽ? ቅልጥማቸው ደህና ነው። ክንዳቸውን ተመልከቺ።»

በሁለቱም ክንዶች ላይ፣ ከትከሻው ዝቅ ብሎ፣ የጣት አሻራ የሚያህሉ ጠቋቁር ነጥቦች ነበሩ።

«የቆዩ ናቸው?»

«የዛሬ ናቸው። ሌላውን አንቺ ፈልጊው፤ ደሞዙ ያንቺ ነው።»

መርፌ ወደ ጋሪው ዞረች። ትልልቅ፣ በነፋስ የተሞሉ የኋላ ጎማዎች፣ ፊት ለፊት አንድ ጎማ። ያንን የፊት ጎማ በጫማዋ ጫፍ ነካ አደረገችው። ዞረ። ደግማ ነካችው። ወዲያኛው ዞረ። ከዚያ ወደ ቤቱ ገባች።

ምራት ከማብሰያ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጣ ልጇን በፎጣ እያደረቀች ነው። ባሏ ካረፈ ዓመት ሊሆነው ነው፤ ልጁም ገና መቀመጥ መልመዱ ነው። አጭር ናት፤ ጣቶቿ በመርፌ የተወጋጉ ልብስ ሰፊ።

«ነይ፣ ውሰጂኝ» አለች።

«ገና ምን ጠየቅሁሽና?»

«እዚህ ቤት ውስጥ እኔን ሳይጠይቁ መፍረድ የተለመደ ነው።»

«ጋሪውን የት ተውሽው?»

«በረንዳው ላይ፣ ግድግዳው ሥር። ፍሬኑን ረግጬ። የምትቀመጪበት አንቺ አይደለሽም፣ ልጄ ነው! ሳልረግጥ የምሄድ ይመስልሻል?»

«ከእሜቴ ጋር በዚሁ ጋሪ ተጣልታችኋል አሉ።»

«ማን ያልተጣላ አለ? እኔ እስከ ሥራዬ የምሄደው በድንጋይ መንገድ ነው። ትንንሽ ጎማ ያለው እያንዳንዱ ድንጋይ ላይ ይሰነቀራል፤ የልጁ አናት እንደ ቅል ይንገጫገጫል። ይሄኛው ጎማው ትልቅ ነው፣ ይዘላል። እሳቸው ግን ‹ሦስት እግር ያለው ነገር በርጩማ ነው፣ ልጅ አይጫንበትም› አሉ።» ድንገት ሳቅ እንደ ማለት አለችና ከንፈሯን ነከሰች። «ሰሞኑን ግን ማንም አያየኝም ብለው ባዶውን ግቢ ለግቢ ሲገፉት አገኘኋቸው። ሲያዩኝ ‹ጎማው ይጮህ እንደሆነ ላዳምጥ ብዬ ነው› አሉኝ።»

መርፌም ፈገግታዋን ዋጠች። «ዳይሬክተሯስ?»

«እትዬ ልጅ የላትም። ባሌ ከሞተ ወዲህ እናቷን ‹እሷን ሸኚያት፣ ልጁን ለእኔ ስጪኝ› ስትል ነው የከረመችው። እሜቴም እሺ ብለዋት ነበር።» ልጁን ወደ ደረቷ አስጠጋችው። «እኔን ዛሬ ከወሰድሽኝ፣ ማታ ይሄ ልጅ በእሷ አልጋ ነው የሚተኛው። ይህንን እያወቅሽ ውሰጂኝ።»

የእሜቴ ትንሹ ልጅ ከኋላ ደረጃ ላይ፣ የሩጫ ጫማውን ሳያወልቅ፣ ፊቱን በመዳፉ ይዞ ተቀምጧል። በሰፈሩ «ሯጩ» ነው የሚሉት። ተወዳድሮ አሸንፎ ግን አያውቅም።

«ሶምሶማ ላይ ነበርኩ» አለ መርፌ አፏን ሳትከፍት። «ስመለስ እትዬ ትጮሃለች። እኔንም ጠረጠሩኝ?»

«አንተን ለይቼ ብተውህ ቅር አይልህም?»

በቁጣ አያት። «ቀልድ ያምርዎታል? እናቴ ናት የሞተችው!»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው የመጣሁት። ጋሪውን የመረጠው ማነው?»

«የወንድሜ ሚስት። ሱቅ የሄድነው ሁላችንም ነን፤ የጦር ሜዳ አደረግነው። እናቴ ገና እንዳየችው ‹አንዱን ጎማ ማን ሰረቀው?› አለች። ሻጩ ሳቀ፤ እትዬ ግን ተቆጣች። ዳንቴል ጥላ ያለውን ባለአራት ጎማ መርጣ ነበርና ‹ይህ ይገለበጣል፣ ልጁን ልትገድሉት ነው› ብላ በሩን ወርውራ ወጣች። ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብላ ጠበቀችን።»

«ሻጩ ከዚያ በኋላ ምን አሳያችሁ?»

«አስታጠፈን። ፍሬን አሳየን። የፊት ጎማውንም አሳየን። ሲለቀቅ በየአቅጣጫው ይዞራል፤ ለቤት ውስጥና ለጠባብ ቦታ። ከላይ ያለችውን ቁልፍ ሲጫኗት ደግሞ ቀጥ ብሎ ይያዛል፤ ለድንጋይ መንገድ፣ ለሶምሶማ። እኔ ሕፃኑን ይዤ ስወጣ ሳልቆልፈው አልሄድም። ካልተቆለፈማ አንድ ጠጠር ይበቃዋል፣ ጥምዝ ይላል።»

«አመሰግናለሁ» አለች መርፌ። «አሁን ፊትህን ታጠብ።»

ቀጥሎ የሆነው ነገር ጎረቤቱን ሁሉ አጥር ላይ ሰቀለው። ሬሳው ከተነሣ በኋላ መርማሪዋ ባዶውን ጋሪ እየገፋች ቁልቁለቱን ወጣች። አናቱ ላይ ቀጥ አድርጋ አቆመችውና ለቀቀችው። ጋሪው ጥቂት ወረደ፣ የፊት ጎማው ተጠመዘዘ፣ ግድግዳውን ገጭቶ ቆመ። ደግማ ለቀቀችው። ወደ ግራ ሄዶ የአበባ ማሰሮ ሰበረ። እንደገና። ፊቱን አዙሮ በጀርባው ወረደና መሐል ላይ ተገለበጠ። ከታች ሊቀልብ እግሩን ከፍቶ የቆመው አሥር አለቃ ዘንድ አንድም ጊዜ አልደረሰም።

«እኛ በልጅነታችን እንኳ እንዲህ አልተጫወትንም» አለ አንድ ድምፅ ከአጥሩ ወዲያ።

«እናቴ ሞታ እናንተ ትጫወታላችሁ!» ዳይሬክተሯ ከበረንዳው ጮኸች። «ለአለቃሽ ነው የምናገረው!»

«ይናገሩ» አለች መርፌ ላቧን እየጠረገች። «አሁን ግን ሁላችሁም ወደ በረንዳ ኑልኝ።»

መጡ። ምራት ልጇን ታቅፋ ከበሩ አጠገብ፣ ሯጩ ከግድግዳው ተደግፎ፣ ዳይሬክተሯ ቤቱ ውስጥ ካሉት ወንበሮች ሁሉ በሚሻለው ላይ። አንዱ ሌላውን አላየም። መርፌ ጋሪውን መሐላቸው አቆመች።

«እርስዎ ዳይሬክተር፣ ያዩት እርስዎ ብቻ ስለሆኑ ይርዱኝ» አለች በትሕትና። «ይህንን የፊት ጎማ ቀጥ ያድርጉልኝ።»

«ምን?»

«እንደ ባቡር ሲወርድ እንደነበረው። ቀጥ ያድርጉት።»

ዳይሬክተሯ ጎንበስ አለችና ጎማውን በእጇ ይዛ አስተካከለችው። «ይኸው።»

«አሁን ይግፉት።»

ገፋችው። ጎማው ዞረ። እንደገና በእጇ መለሰችው። እንደገና ዞረ።

ሯጩ ከግድግዳው ተላቀቀ። «እትዬ…» አለ ቀስ ብሎ። «ቁልፏ እኮ ከላይ ናት።»

«የምን ቁልፍ? ጎማ ጎማ ነው!»

«አይደለም» አለች መርፌ። «ነገሩም ያለው እዚህ ላይ ነው። በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። ጋሪው እሜቴን እግራቸውን መትቶ ከጣለ ቅልጥማቸው ላይ ምልክት ይኖር ነበር፤ የለም። ምልክቱ ክንዳቸው ላይ ነው፤ ያውም የሰው ጣት። እሜቴ ቁልቁለቱን እየወጡ አልነበረም። አናቱ ላይ፣ ከሚያውቁት ሰው ጋር ፊት ለፊት ቆመው ነበር። ያ ሰው ክንዳቸውን ያዘ፤ ወደ ኋላ ገፋቸው።»

«ጋሪውስ?» አለች ምራት።

«ጋሪውን ሳገኘው ጎማው አልተቆለፈም ነበር። ያልተቆለፈ ጋሪ እዚያ ድረስ ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ አጥሩ ላይ የተሰቀሉት ሁሉ ምስክሮቼ ናቸው። ተቆልፎ ወርዶ በኋላ ተከፍቶ ይሆን እንዳልል፣ ማንም እንዳልነካው ዳይሬክተሯ ራሳቸው ነግረውኛል። እንግዲህ አልወረደም። ተወሰደ፤ ከሟች አጠገብ እንዲወድቅ ተደረገ፤ ጥፋቱ በልጁ እናት ላይ እንዲሆን።» ወደ ሯጩ ዞረች። «አንተ ብትሆን ቆልፈህ ነበር የምታስቀምጠው፤ ሳይቆለፍ እንደሚጠመዘዝ ታውቃለህ። ልብስ ሰፊዋም ታውቃለች፤ በዚያ ላይ በገዛ ራሷ ላይ ወጥመድ አትዘረጋም። ከሁላችሁ ውስጥ ጎማው እንደሚቆለፍ የማያውቅ፣ ሻጩ ሳያሳይ በሩን ወርውሮ የወጣ አንድ ሰው ነው። ቀጥ ብሎ ወረደ ያለውም እሱው ነው።»

ሰው ሁሉ ዳይሬክተሯን አየ።

«ክንዷን ላነሳት ስል ይዤ ይሆናል…» አለች።

«ሬሳ እንደማይነካካ ያውቃሉ። የተማሩ ሰው ነዎት።»

ዳይሬክተሯ ተነሣች። ተማሪ ፊት የምትቆምበት አቋቋም ሊመጣላት አልቻለም።

«ገፋኋት እንጂ አልገደልኳትም!» ስትል ጮኸች። «ያንን ነገር ይዛ በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ እያለች ትስቃለች! ‹ልጅቷ ልክ ነበረች፣ እንደ ቅቤ ነው የሚሄደው› አለችኝ። ‹ልጁም ከእናቱ አይለይም፣ ተይው› አለችኝ። ቃል ገብታልኝ ነበር! አልጋውን አሰናድቻለሁ፣ መጋረጃውን ሰቅያለሁ! በአንድ ጋሪ… እናቴን በአንድ ጋሪ ወሰደችብኝ!»

«መግፋቱ የንዴት ነው፤ ዳኛ ያየዋል» አለች መርፌ። «ከዚያ በኋላ ግን እናትዎ እዚያ ተኝተው፣ እርስዎ ጋሪውን አውርደው አጠገባቸው ሲጥሉ ነበር። እሱ የንዴት አይደለም።»

ሯጩ ወደ ግቢው ወረደና ጀርባውን ሰጣቸው። እህቱ በስሙ ጠራችው። አልዞረም።

መርፌ ወደ ምራት ጠጋ አለች። «ጠርጥሬሽ ነበር» አለቻት።

«አውቃለሁ። ይቅርታ ልትጠይቂኝ ነው?»

«አይደለም።»

«ደግ። እኔም አልሰጥሽም ነበር።»

አሥር አለቃው ዳይሬክተሯን ክንዷን ይዞ ወደ በሩ መራት። ምራት አጠገብ ስትደርስ ቆመች። ድምፅዋ ማንም ሰምቶት የማያውቅ፣ የትንሽ ልጅ ድምፅ ነበር።

«አንዴ ልሳመው። አንዴ ብቻ።»

ምራት ልጇን ወደ ሌላኛው ትከሻዋ አዛወረች።

«ተኝቷል» አለች።

ሕፃኑ በእናቱ ትከሻ ላይ አገጩን አስደግፎ፣ ዐይኑን አፍጥጦ፣ አንድ በአንድ ሁሉንም ያይ ነበር።